የብር ሰምና ወርቅ
(ጌጥ ለመሰብሰብ ለሚነሡ ወዳጆች)

«ብር» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ጌቶችን የሚያገለግል ቃል ነው። አንደኛው ጌታው ከምድር ሆድ ወጥቶ በእሳት የሚፈተነው ነጭ ማዕድን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከደመወዝ እስከ ደመወዝ የማያደርሰን ወረቀት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ተቀምጦ ሁለተኛውን ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ማታና በዕረፍት ቀኑ ግን አቅሙ በፈቀደ መጠን የመጀመሪያውን ይሰበስባል። በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ ሁለት ነገሮች ምን ያህል እንደማይዋደዱ የታየኝም በሁለቱ መካከል ስመላለስ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ስለ ጌጥ ላወጋዎት ነው። የአያቶቻችን የአንገት መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ ጉትቻና አምባር ከሣጥን ወጥተው ወዴት እየሄዱ እንደሆነ፣ እነርሱን ለመሰብሰብ ልቡ የተነሣሣ ሰውም ከምን መጀመርና ከምን መራቅ እንዳለበት የግል አስተያየቴን አቀርባለሁ። አስተያየቴ ባጭሩ ይህ ነው፤ ጌጥን በሚዛን የሚገዛ ሰው ነጋዴ እንጂ ሰብሳቢ አይደለም። ሰብሳቢ ማለት ቅኔ እንደሚፈታ ሰው ከሰሙ አልፎ ወርቁን የሚፈልግ ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ ለመያዝ ከአንዲት ሴት ምስል መነሣት ይገባል። የኦስትሪያ ንግሥት የነበረችው ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። በስሟ የተመታው ብር ግን አልሞተም፤ ከእርሷ ሕልፈት በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 የሚል ዓመት እንደያዘ በየዘመኑ መውጣቱን ቀጠለ። አባቶቻችን «ጠገራ ብር» ብለው የተገበያዩበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። የአገራችን ነጋዴ ገንዘቡን ሲቀበል በንግሥቲቱ ትከሻና በራሷ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች እየቆጠረ፣ የደበዘዘውን እየመለሰ፣ የጠራውን እየመረጠ ይቀበል እንደነበር ተጽፏል። እንግዲህ ሰው ገንዘብን በጌጡ ይፈትን የነበረበት ዘመንም አልፏል ማለት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ አስመትተው ቢያስመጡም ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አልተቻላቸውም። ኢጣሊያ በ1935 እ.ኤ.አ. ልትወረን ስትነሣ የዚህን ገንዘብ መምቻ ከኦስትሪያ ተረክባ በሮም ማስመታት የጀመረችውም፣ ሕዝቡ ከዚህ ብር በቀር ሌላውን እንደማያምን ስለምታውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም ሳይቀሩ ያንኑ 1780 መቱ። ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት የተሰናበተው በ1945 እ.ኤ.አ. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው የገንዘብ ታሪክ ለማስተማር አይደለም። የአገራችን የብር ጌጥ አብዛኛው ከዚህ ገንዘብ ስለተወለደ ነው። አንድ አባት ልጁን ሊድር ሲነሣ ጥቂት ጠገራ ብሮችን በጨርቅ ቋጥሮ ወደ አንጥረኛው ይሄዳል፤ አንጥረኛውም ብሩን አቅልጦ፣ ከፊሉን ለድካሙ ዋጋ ወስዶ፣ የቀረውን ድሪና አልቦ አድርጎ ያስረክባል። ሳይቀልጥ ተቀጥቅጦና በመሮ ተቆርጦ መስቀል የሆነም አለ፤ እንዲህ ያለውን መስቀል በእጅዎ ቢያገላብጡት አንዳንዴ የንግሥቲቱ ፀጉር ወይም የላቲን ፊደል ቅሪት ከጀርባው ደብዝዞ ይታይዎታል። የሩቅ አገር ንግሥት መልክ ተደምስሶ በአንዲት የገጠር ሴት ደረት ላይ የክርስቶስ መስቀል ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ቅኔ የት ይገኛል?

ስለዚህ በቀደመው ዘመን የመንገዱ አቅጣጫ ከገንዘብ ወደ ጌጥ ነበር። ዛሬ ግን መንገዱ ተገልብጧል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አንድ ወቄት፣ ማለትም 31 ግራም ከጥቂት የሆነ ወርቅ በዓለም ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4000 ዶላር በላይ ዋለ፤ ብርም በዚያው ሰሞን ከ50 ዶላር ተሻገረ። በዚያ ዋጋ አንድ ጠገራ ብር በውስጡ ባለው ማዕድን ብቻ ከ37 ዶላር የሚበልጥ ዋጋ አለው። እንዲህ ያለው ዜና ለባለ ሀብት የምሥራች ሊሆን ይችላል፤ በአያት ሣጥን ውስጥ ላለ አሮጌ ጌጥ ግን የሞት ፍርድ ነው። የማዕድኑ ዋጋ ከሥራው ዋጋ በላይ በወጣ ቁጥር ጌጡ ወደ ማቅለጫው ይቀርባል። የቀለጠ ጌጥ ደግሞ እንደተቃጠለ ብራና ነው፤ አመዱ ቢመዘንም አይነበብም።

ሌላም ምክንያት አለ። የሙሽራ ጌጥ ምርጫ ከተለወጠ ቆይቷል። ከዓረብ አገር በእኅቶቻችን ላብ የሚመጣው ባለ 21 ካራት ወርቅ የብሩን ድሪ ከሙሽራይቱ አንገት አውርዶታል። በስደት ኩሽና ቆማ ያጠራቀመችውን በአንገቷ አስራ የምትመለስን ልጅ የሚነቅፍ አፍ የለኝም፤ ወርቋ የድካሟ ምስክር ነው፣ የክፉ ቀን ስንቋም ነው። የማዝነው አዲሱ ወርቅ በመምጣቱ አይደለም። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ብር «ለምን ያስቀምጠናል» ተብሎ አብሮ በመሸጡ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለእኛ ነው።

አሁን ወደ አንጥረኛው እንምጣ። በቅኔ ትምህርት «ሰምና ወርቅ» የምንለው ነገር ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችን አውቀን እንዘነጋዋለን። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚሠራውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ባዶ ቦታ ይተዋል፤ በባዶው ላይ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፣ ጌጡም ይወጣል። ሰሙ ጠፍቶ ቅርጹን ለወርቁ አወረሰ። ባለ ቅኔዎቻችን የጥበባቸውን ስም የተዋሱት ከዚህ የወናፍና የጭስ ቤት ነው።

የሚያሳፍረው ግን ባለ ቅኔውን ስናከብር ባለ እጁን ስንሰድብ መኖራችን ነው። ቀጥቃጭ፣ ቡዳ፣ ጅብ እየተባለ ከማኅበር ማዕድ የተገለለው፣ ርስት እንዳይኖረው የተደረገው፣ ልጁን ለልጃችን የማንሰጠው ሰው የአንገታችንን መስቀል የሠራው ሰው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ አግኝቷል። የዚህ ነውር አንዱ ፍሬ የአሮጌ ጌጦቻችን ሠሪዎች ስም አለመታወቁ ነው። በሠሪው ስም የሚታወቅ ጌጥ ከስንት አንዴ ቢገኝ ነው፤ የለበሰው ይታወቃል፣ የሠራው ግን አይታወቅም። እኔ አሮጌ ጌጥ ስይዝ ዘወትር የሚሰማኝ ነገር ቢኖር ይህ ዕዳ ነው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንዲሉ እንዲህ ሆነን ኖረናል።

ስለ ራሴ ምርጫ ጥቂት ልበል፤ ስለ ምርጫ የሚጽፍ ሰው የራሱን ደብቆ የሌላውን ሊመክር አይገባውምና። እኔ ትልቅ ጌጥ አልወድም። በደረት ላይ እንደ ጋሻ ተንጣልሎ ከሩቅ የሚጮኸው መስቀል አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለአንገት ሳይሆን ለግድግዳ ነው። ትንሽ፣ ቀጭን፣ በሰው ገላ የለሰለሰ መስቀል እመርጣለሁ። ከላይ ማንጠልጠያው በክር ተበልቶ ወደ አንድ ጎን የሳሳ ከሆነማ ልቤ ይሸነፋል፤ ምክንያቱም ያ ጎን የአንዲት ሴት የአርባና የሃምሳ ዓመት እርምጃ የጻፈው ጽሑፍ ነው። የተጠገነ ጌጥም ደስ ይለኛል። አንድ ክንፉ ተሰብሮ በሌላ ብር የተበየደ መስቀል ከቆንጆው ያልተነካ መስቀል ይልቅ ይናገራል፤ ሲሰበር ያልተጣለ፣ ይልቁንም በክረምት መንገድ ተኬዶ ወደ አንጥረኛ የተወሰደ ነገር ነበርና።

ከመስቀል ጋር በአንድ ክር የምትታሰረውን ትንሿን የጆሮ ማውጫ ማንኪያም እወዳታለሁ። ጌጥም መሣሪያም ናት፤ በራሷ ላይ የተቀረጸችው ጥቂት መስመር የሠሪውን ልብ ታሳያለች። ማጠፊያ ኖሯቸው እንደ መጽሐፍ የሚከፈቱትን መስቀሎች፣ ከቀጭን የብር ሽቦ የተጠመዘዙትን የሐረር ጉትቻዎች፣ እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ሹክ የሚሉትን የድሪ ሰንሰለቶች ሁሉ እወዳለሁ። የማልወደው ደግሞ ትናንት ተሠርቶ በአሲድ የጠቆረውን፣ «የጎንደር ዘመን ነው» ተብሎ የሚሸጠውን ውሸት ነው። አዲስ ሥራ በአዲስነቱ ሲቀርብ ክብር አለው፤ አዲሱ አሮጌ መስሎ ሲቀርብ ግን አንጥረኛውንም ገዢውንም ያዋርዳል።

እንግዲህ ለመጀመር ለሚያስቡ ወዳጆች የሚከተለውን እመክራለሁ።

የመጀመሪያው ምክር ከመግዛት በፊት ማየት ነው። ዓይን ሳይማር እጅ ኪስ ውስጥ መግባት የለበትም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለውን የመስቀል ስብስብ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ማየት ይጠቅማል። ሐረር የሄደ ሰው ደግሞ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የአቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍን ስብስብ ሳያይ አይመለስ። እኚህ ሰው ያለ መንግሥት ትእዛዝ፣ በግል ጥረታቸው የከተማቸውን ጌጥ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ ገንዘብና የቤት ዕቃ ከመበተን አድነው ለሕዝብ ዓይን አብቅተዋል። የግል ሰብሳቢ ምን መሆን እንደሚችል የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ ይህ ቤት ነው።

ሁለተኛው፣ አንድ ነገር መርጦ መያዝ ነው። ሁሉን የሚሰበስብ ሰው መጨረሻው ዕቃ ቤት መክፈት ነው። የጆሮ ማንኪያ ብቻ፣ ወይም የአንድ አካባቢ ቀለበት ብቻ፣ ወይም ከጠገራ የተቆረጠ መስቀል ብቻ የሚሰበስብ ሰው ግን በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከብዙ ነጋዴ የበለጠ ያውቃል። ዐሥራ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ በራሱ ትምህርት ቤት ነው፤ ልዩነታቸው መናገር ይጀምራል።

ሦስተኛው ምክሬ፣ በነገሩ ላይ የተጻፈን ዓመትና ሻጭ የሚሰጠውን ስም አለማመን ነው። 1780 የሚለው ጠገራ በ1780 እንዳልተመታ ከላይ አይተናል። እንዲሁም ሻጩ «የላሊበላ»፣ «የአክሱም»፣ «የጎንደር» እያለ ለትንንሽ የአንገት መስቀሎች የሚሰጠው ስም አብዛኛውን ጊዜ የቅርጽ መጠሪያ እንጂ የትውልድ ቦታ ማስረጃ አይደለም። «925» የሚል ማኅተምም እንዲሁ ነው፤ የቀደሙት አንጥረኞቻችን ሥራቸውን በእንዲህ ያለ ቁጥር ምልክት አያደርጉም ነበር። ከቃል ይልቅ የመበላትን ምልክት ማንበብ ይሻላል። በእውነት የተለበሰ ጌጥ የሚላላው ልብስና ገላ በሚነካው ጀርባውና ከፍ ባለው ጠርዙ ላይ ነው፤ በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ጭረት ግን ስለታም እንደሆነ ይቆያል። ሁሉም ቦታ እኩል የለሰለሰ ከሆነ ያለሰለሰው ዕድሜ ሳይሆን ሞረድ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው በዚህ ገበያ ውስጥ ይመስለኛል።

አራተኛው ማዕድኑን መፈተን ነው። ማግኔት ብርን አይስብም፤ ነገር ግን መዳብንም፣ ናስንም፣ ኒኬል የተቀላቀለበትን ነጭ ብረትም አይስብም። ስለዚህ ማግኔት የሚያጋልጠው ውሸታም ብረትን ብቻ ነው። የተሻለው መንገድ የውሃ ሚዛን ነው። ጌጡን በአየር ላይ ይመዝኑ፤ ከዚያ በቀጭን ክር አንጠልጥለው ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ፣ የዕቃውን ግርጌ ሳይነካ ይመዝኑት። የመጀመሪያውን ክብደት በሁለቱ ልዩነት ያካፍሉ። 42 ግራም የነበረው በውሃ ውስጥ 38 ቢሆን ልዩነቱ 4 ነው፤ 42 ለ4 ሲካፈል 10.5 ይመጣል፣ ይህም የንጹሕ ብር ልክ ነው። እንደ ጠገራው ያለ ቅልቅል 10.2 ገደማ ይሰጣል። ወደ 8.7 ከወረደ በእጅዎ ያለው ብር የሌለበት ነጭ ብረት ሳይሆን አይቀርም። ውስጡ ክፍት ለሆነ ዶቃና ድንጋይ ለተሰካበት ጌጥ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ እርሱን ለታመነ አንጥረኛ የመፈተኛ ድንጋይና አሲድ መተው ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አምበርና ስለ ኦፓልም አንድ ቃል ላክል። በወሎና በሐረር እናቶች አንገት የምናየው ቢጫ ዶቃ ሁሉ አምበር አይደለም፤ በፋብሪካ የተሠራ ሙጫም በብዛት ገብቷል። ጨው በደንብ በሟሟበት ውሃ ውስጥ እውነተኛው አምበር ይንሳፈፋል፣ የፋብሪካው ሙጫ ብዙውን ጊዜ ይሰጥማል። ኮፓል የሚባለው ያልበሰለ የዛፍ ሙጫ ግን ከአምበር ጋር አብሮ ስለሚንሳፈፍ ፈተናው ግማሽ ፈተና ነው። የወሎ ኦፓል ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. በደላንታ ወገል ጤና ከተገኘ ወዲህ የዓለምን ዓይን የሳበ ዕንቁ ነው። ጠባዩ ግን እንደ ሕፃን ነው፤ ያገኘውን ይጠጣል። ውሃ ሲጠጣ የቀለሙ ጨዋታ ሊጠፋና ብርሃን ሊያሳልፍ ይችላል፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ዘይትና ሽቶ ከጠጣ ግን ቀለሙ ሊበላሽ ይችላል። በጣም ጥቁር ሆኖ ርካሽ የሆነ የወሎ ኦፓል ካዩ ጢስ ወይም ቀለም የጠጣ መሆኑን ይጠርጥሩ።

አምስተኛው፣ አለማጠብ ነው። አዲስ ሰብሳቢ የመጀመሪያውን ጌጥ ይዞ ቤቱ ሲገባ የሚመኘው ነገር ቢኖር ማብረቅረቅ ነው። ይሁን እንጂ በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛው ጥቁረት ብሩ በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር በብዙ ዓመት የፈጠረው ጥላ ነው፤ መስመሮቹን ከመስመር የሚለየው እርሱ ነው። ጠንካራ ኬሚካል ውስጥ ከነከሩት ጥላው ይጠፋና ጌጡ እንደተላጨ ሰው ይሆናል። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። የቆየውን ክርም ቢሆን ካልተበጠሰ አይቀይሩ፤ ማተቡ የታሪኩ ግማሽ ነው።

ስድስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ የመቅደስን ነገር አለመንካት። የአንገት መስቀል የሰው ንብረት ነው፤ ሰው ሊሸጠው፣ ሊሰጠው፣ ሊያወርሰው ይችላል። የመጾር መስቀል፣ ዘውድ፣ ጽዋና ጽና ግን ሻጭ ሊኖራቸው አይገባም። ከላሊበላ በ1997 እ.ኤ.አ. የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል አንድ የቤልጅግ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። ገዢ ባይኖር ኖሮ ያን መስቀል ማን ይሰርቀው ነበር? በሌላ በኩል በሮተርዳም የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋው በ1998 እ.ኤ.አ. በእንግዳቸው ሻንጣ ውስጥ ያገኙትን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ ለሻጭ አሳልፈው ሳይሰጡ ከ20 ዓመት በላይ በቤታቸው ደብቀው አቆይተው በ2020 እ.ኤ.አ. ለአገራቸው መልሰዋል። ሁለቱም በሰው አገር የቅርስ ባለቤት ለመሆን ዕድል ያገኙ ሰዎች ናቸው። ልዩነታቸው አንዱ የራሱ ለማድረግ መግዛቱ፣ ሌላው የእርሱ እንዳልሆነ ማወቁ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተዘረፈውና እስከ ዛሬ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው ዘውድና የቤተ መንግሥት ጌጥ እንዲመለስ ስንጮኽ፣ በቤታችን የሌላ ደብር ጽዋ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን ሊሆን አይገባም። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችንም አስታውሱ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከመግዛት በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ በአየር ማረፊያ ከመዋረድ ያድናል።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ምክሬ መጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ ጌጥ አንድ ካርድ ይኑረው፤ ከማን ተገዛ፣ መቼ፣ በስንት፣ ስንት ግራም፣ ማን ለብሶት ነበር፣ ሻጩ ምን አለ። የባንክ ሰው ስለሆንኩ ያለ ደረሰኝ ነገር አይጥመኝም ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ነገር ግን ታሪኩ ያልተጻፈለት ጌጥ ሰብሳቢው በሞተ ማግሥት ተመልሶ ግራም ይሆናል። ልጆቻችን የሚያቀልጡት እኛ ሳንጽፍ ስንቀር ነው። ዛሬ በሕይወት ካለ አንጥረኛ አዲስ ጌጥ ሲያሠሩም ስሙን ከጀርባው እንዲቀርጽበት ይለምኑት። አባቶቻችን የነፈጉትን ስም እኛ በአንድ መሮ ምት ልንመልስ እንችላለን።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «የድሃ እናት ሣጥን ከፍታ የምትሸጠው ቸግሯት ነው፤ የእናንተ የሰብሳቢዎች ቁንጅና ወዳድነት ለእርሷ ምን ይፈይዳል? ደግሞስ ከቤቷ ያወጣችሁት እናንተው አይደላችሁም ወይ?» የሚል። ጥያቄው እውነት አለበት። ለልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለመድኃኒት ድሪዋን የምትሸጥ እናት ምንም ዓይነት ወቀሳ አይገባትም፤ ጌጡም የተሠራው ከፊሉ ለዚህ ቀን ነበር። ሰብሳቢ ግን በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛ፣ በግራም ከሚከፍላት አቅላጭ በላይ መክፈል። ለሥራውና ለዕድሜው ዋጋ የማይከፍል ሰብሳቢ ከአቅላጩ የሚለየው በእሳቱ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ስሟንና የጌጡን ታሪክ ጠይቆ መጻፍ፣ ፎቶግራፉንም ለቤተሰቧ ማስቀረት። ይህን ያደረገ ሰው ጌጡን ከቤቷ አወጣው ሊባል ቢችልም ከትዝታዋ አላወጣውም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጌጡ ባለበት ቤት መቅረቱ ነው። ስለዚህ ለማንም ሰብሳቢ የምመክረው የመጀመሪያው ስብስብ የራሱ እናት ሣጥን ነው። አይግዙት፤ ቁጭ ብለው ይጠይቋት፣ ይጻፉት፣ ለመሸጥ ስታስብ እንድትነግርዎት ይለምኗት። ብዙ ሰው በገበያ ሲዞር የሚውለው በቤቱ ያለውን ሳያውቅ ነው።

በእኔ ሥራ ቦታ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ይታሰራል፣ ይሄዳል። ዛሬ በእጄ ያለፈው የመቶ ብር ኖት ነገ ቢመለስ አላውቀውም፤ አንዱ ከአንዱ አይለይምና። የገንዘብ ጥበቡም ይኸው ነው፤ አንዱ በሌላው መተካት መቻሉ። ጌጥ ግን የማይተካ ነው። ሁለት መስቀሎች በሚዛን እኩል ሆነው ሳለ አንዱን ከሌላው የሚለየው የሠሪው እጅ፣ የለባሿ አንገትና የክሩ ጎን ነው። ጌጥን በግራም ስንሸጥ የማይተካውን በሚተካው ለወጥን ማለት ነው። ባንክ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከዚህ የከፋ ምንዛሪ ግን አላየሁም።

ሐሳቤን በዚህች ትንሽ ግጥም ልቋጭ፦

ካያቱ አንገት ላይ ታስሮ የነበረው፣
ብር ነው ብሎ አንዱ ሚዛን ላይ ባኖረው፤
እንደ ወፍ ከቤቱ ብር ብሎ ሄደና፣
ማተቡ ብቻውን ቀረለት ለዜና።

ቸር ይግጠመን።